ዘንቢል ሳይዙ መውጣት

«እማ፣ ያንን ሰውዬ ማን ነው የሚያባርረው?»

የጠየቀችኝ ልጄ ኢክራም ናት፤ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። በሚኒባስ ሆነን በባህሩ በኩል ስናልፍ አንድ ጎልማሳ ፈረንጅ ቁምጣ ለብሶ፣ ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ፣ በዚያ በጅቡቲ ፀሐይ ይሮጣል። አንገቴን አዙሬ ከኋላው አየሁ። ፖሊስ የለም፤ ውሻም የለም። ከፊቱ አየሁ፤ የሚያመልጠው አውቶቡስ የለም። «ማንም አያባርረውም» አልኳት። «ታዲያ ለምን ይሮጣል?» እናት መልስ አጣች እንዳይባል «እሳት ላይ የተወው ድስት ትዝ ብሎት ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። ልጅ ናትና አመነችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? እኔም ራሴን አመንኩት። እኔ ባደግሁበት ድሬዳዋ ሰው የሚሮጠው ወይ ሌባ ሲሆን ወይ ሌባ ሲይዝ ነው። ከዚህ ውጪ የሚሮጥ ካለ ዱዓ ይደረግለታል።

ያ ጥያቄ ሁለት ዓመት ቆይቶ ዞሮ ዞሮ እኔው ራስ ላይ እንደሚወድቅ በምን አውቄ!

ነገሩ የሆነው ባቡሩ ናጋድ ጣቢያ ድረስ መጥቶ ሰውን ከማስደነቁ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጭነቱ ሁሉ በከባድ መኪና በሚመላለስበት ጊዜ ነው። ባለቤቴ ሙክታር ከከባድ መኪና ሹፌሮቹ አንዱ ነው። ከወደቡ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ወደቡ፤ ዕድሜው መንገድ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ካርቲዬ ዱ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ አራት ቤት በሚጋራው አንድ ግቢ፣ የስፌት መኪናዬን ከበሬ አጠገብ ተክዬ የሴት ቀሚስ እሰፋለሁ። ከተማዋን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ ከኢትዮጵያ ሲገባ ሹሙም ዘበኛውም ሥራውን ጥሎ ይበተናል፤ እስከ አሥር ሰዓት መንገዱ ላይ ፍየል ብቻ ነው የሚታየው። ይህች ከተማ ማረፍ ታውቃለች። የማላውቀው እኔ ነኝ። ኢድ ሲደርስ የኢድ ልብስ፣ ሰርግ ሲደርስ የሰርግ ልብስ፣ ሁለቱም በሌለበት ወር የጠበባቸውን ልብስ ማስፋት። እግዜር ይስጣቸው፣ የጅቡቲ ሴቶች መጥበብ አያቋርጣቸውም።

ሙክታር ሐሙስ ከገባ «ነገ ጁምዓ ነው፤ ከሰላት በኋላ ባህር ዳር ወጣ እንበል እንጂ፣ ልጅቷም ውሃ ትይ» ይለኛል። እኔ ክሩን በጥርሴ እየበጠስኩ «የሰው ልብስ አለብኝ። ባህሩ የት ይሄዳል?» እለዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ተባባልን። እሱም ሳይቀየም ሽርጡን አስሮ ይተኛል፤ እኔም መኪናዬን እረግጣለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ዓይኔ ብዥ ብዥ፣ አፌ ድርቅ ድርቅ ሲልብኝ ሀኪም ዘንድ ሄድኩ። ሀኪሙ በፈረንሳይኛ ይናገራል፤ ነርሷ በሱማሊኛ ትነግረኛለች፤ እኔ በአማርኛ እደነግጣለሁ። ደሜ ውስጥ ስኳር ተገኝቷል። ሱብሃነላህ! እኔ እኮ ስኳር ሻይ ውስጥ እንጂ ደም ውስጥ ይገባል ብዬ አስቤ አላውቅም። «ሰውነትሽን ታንቀሳቅሻለሽ ወይ?» ተባልኩ። «እግሬ ከጧት እስከ ማታ ስትረግጥ ነው የምትውለው» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ የስፌት መኪናዬን የረገጥኩት ቢለካ ድሬዳዋ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ከወንበሬ አለመነሳቴ ነው እንጂ። ሀኪሙ ከሳቀ በኋላ ክኒን ጻፈልኝ፤ ከክኒኑ ሥር ሌላ መስመር ጨመረ። ነርሷ አነበበችልኝ፤ በየጧቱ አርባ ደቂቃ በእግር መሄድ።

«ወዴት?» አልኩ።

ነርሷ ተረጎመችለት። ሀኪሙ መነፅሩን አወለቀ።

«የትም» አለ። «ሄደሽ ትመለሻለሽ።»

እስቲ ፍረዱኝ። ባል፣ ልጅ፣ ሥራ ያላት ሴት ገና በጧቱ የትም ሂጂ ትባላለች? በእኛ ዘንድ «የትም የምትዞር» ማለት ስድብ ነው፤ ይኸው በሀኪም ፊርማ ታዘዘልኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። አንደኛ፣ «ዘሃራ ስኳር ያዛት» ከተባለ ልብስ የምታሰፋው ሁሉ ዓይንሽ ያያል ወይ እያለች ስፌቴን በፀሐይ ልትመረምር ነው። ሁለተኛ፣ የግቢያችንን ሴቶች አውቃቸዋለሁ። ልብ አውልቅ ናቸው፤ «ፈረንጂት መጣች!» ብለው ዓመት ሙሉ ይስቁብኛል። ከገበያ አሮጌ ሸራ ጫማ ገዝቼ በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ከጨርቅ ሥር ደበቅኩት። ሰው ሲታመም መድኃኒት ይደብቃል፤ እኔ ጫማ ደበቅኩ።

በመጨረሻ ቆርጬ የተነሳሁበት ጧት ደረሰ። ሱብሂ ሰገድኩ። ፈራ ተባ እያልኩ ስለነበር ዱዓዬን አስረዘምኩት፤ እንደ ወትሮዬም ለመንገደኛው ለሙክታር ለመንኩለት። ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው፤ ስልኩም አይሠራም። እኔ አልተጨነቅኩም፤ ጋላፊ ኬላ ላይ ሰልፍ ከያዘው እንዲህ መጥፋት ልማዱ ነው። ኢክራም በአንድ ዓይኗ አየችኝና መልሳ ተኛች። ሰውነቴን በደንብ ይሸፍንልኝ ብዬ ጥቁሩን ሰፊ ልብሴን ለበስኩ። ጥቁር፣ ልብ በሉልኝ። ከዚያ አንገቴን ደፍቼ፣ ማንም እንዳያየኝ፣ ላጥ ብዬ ወጣሁ።

ማንም እንዳያየኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ማእዘኑ ላይ ሱቅ ያለው ሱማሌው ሮብሌ የብረት መዝጊያውን ሽቅብ እየገፋ እጁን አነሳልኝ፤ አፍሬ መሬት መሬት እያየሁ አለፍኩት። በአሥራ አንድ ዓመት ሰላም ሳልለው ሳልፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ራስ ዲካ የሚባለው ባህር ዳር ስደርስ ያየሁትን ላውራላችሁ? ያ ሁሉ ሰው! ማንም የማያባርረው፣ የትም የማይሄድ ሰው ባህሩን ተከትሎ ይጎርፋል። የከተማዋ ወይዛዝርት ሳይቀሩ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ጠምጥመው አራት አራት ሆነው፣ እየሳቁ፣ እጃቸውን እንደ ወታደር እያወናጨፉ። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ቀና ሲል አይቼ ሰላት ላይ መስሎኝ በአክብሮት ቆምኩለት፤ ለካ ፊቱን ያዞረው ወደ ወደቡ ክሬን ነው። እኔም ተቀላቀልኩ። ችግሩ የትም የሚባለው ቦታ የት ጋ እንደሚያልቅ አለማወቄ ነው። ገበያ ሲሆን ሽንኩርቱን ገዝተህ ትዞራለህ። እዚህ ምን አግኝተህ ትዞራለህ? ትንፋሼ ሲያጥር እንደ ድንበር ቆጥሬው የድንጋይ ግንብ ላይ ቁጭ አልኩ።

ባህሩ ነጋ። ሌላ ቃል የለኝም። ግራጫ የነበረው ቀስ እያለ ወርቃማ ሆነ፤ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ይገፋሉ፤ ነፋሱ ገና አልጋለም። እጄ ሥራ ፈቶ ጭኔ ላይ ተቀምጧል፤ ጣቶቼ ግን በአየር ላይ መርፌ ይሰካሉ። «ተዉ እንጂ» አልኳቸው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እጄ ባዶ ሆኖ የተቀመጥኩበት ጊዜ ያ ብቻ ነው። ለአርባ ደቂቃ የወጣሁት ሴትዮ ሁለት ሰዓት ቆየሁ። «ሙክታር ልክ ነበር» ብዬ አሰብኩ። «ሲመጣ እነግረዋለሁ።»

ግቢያችን በር ስደርስ እግሬ ተተከለ።

ጫማ። በደጃፌ የተከመረ የሴት ጫማ፣ ነጠላ ጫማ፣ የወንድም ጫማ። በእኛ ዘንድ ደጃፍ ላይ የተከመረ ጫማ ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ሰርግ ወይ ልቅሶ። ሰርግ አልጠራሁም። ሰሌን ተዘርግቷል። የግቢው ታላቅ አዴ ፋጡማ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ጎረቤቴ አልማዝ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ደረቷን ትደቃለች። ሮብሌ ሳይቀር ሱቁን ዘግቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

የእኛ ሰው መርዶ በስልክ አይናገርም፤ ታውቁታላችሁ። ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ይመጣል። የመንገደኛ ሚስት ደግሞ ይህን ሕዝብ ዕድሜዋን ሁሉ በሩቁ ስትፈራው ትኖራለች። ሦስት ቀን። የተዘጋ ስልክ። ጠመዝማዛ መንገድ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ፤ ከአፌ የወጣውን ጩኸት እንኳ የእኔ መሆኑን ያወቅኩት ጉሮሮዬን ሲያመኝ ነው።

«ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች አልማዝ መጥታ ተጠመጠመችብኝ።

«አልሚ፣ ጩኸት ሐራም ነው» አሉ አዴ ፋጡማ እያነቡ። «ደረትሽንም ተይው፤ እሱ ምን አደረገሽ?»

እኔ እነሱን አይቼ አመንኩ፤ እነሱ እኔን አይተው አመኑ። የጠየቀ የለም። እነሱ «ማን ነገረሽ?» ብሎ ሐዘንተኛን መጠየቅ ነውር ነው ብለው ዝም አሉ። እኔም «የት ደረሰበት?» ብዬ አልጠየቅኩም፤ መልሱን ፈራሁት። ሰሌኑ ላይ አስቀመጡኝ። እንባ አልወጣኝም፤ ዓይኔ እንደ በረሃ ደረቀ። የሚታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙክታር በሩ ላይ ቆሞ «ባህር ዳር ወጣ እንበል እንጂ» ሲል፣ እኔ ክር ስበጥስ። ባህሩ የት ይሄዳል እለው ነበር። እውነትም ባህሩ የትም አልሄደም፤ አሁን አይቼው መጣሁ። ያውም ብቻዬን። ያውም እያማረኝ። ያ ግንብ ሁለት ሰው በሰፊው ያስቀምጥ ነበር።

ምን ያህል እንደተቀመጥን አላውቅም። የስፌት መኪናው ላይ የተውኩት ስልኬ ጮኸ። ኢክራም አነሳችው።

«አባዬ!» አለች።

«ወይ ልጄን!» ብላ አልማዝ እንደ አዲስ ጀመረች። ሕፃኗ ከሐዘን ብዛት የምትቃዥ መስሏቸው ሌሎቹም ተከተሉ። «አባዬ ጩኸቱ ምንድን ነው ይላል» አለች ኢክራም ተናዳ። አዴ ፋጡማ ተነሥተው ስልኩን ከእጇ ወሰዱ። የእኔ ስልክ አሮጌ ስለሆነ ድምፁ ግቢ ይሞላል።

«ማን ልበል?»

«ሙክታር ነኝ፣ አዴ።»

«የትኛው ሙክታር?»

«የዘሃራ ነዋ! ኧረ ምንድን ነው? ማን ሞቶ ነው?»

አዴ ፋጡማ ዋሽተው አያውቁም።

«አንተ ነህ፣ ልጄ» አሉት።

ከወዲያ በቀጭን ድምፅ፣

«መቼ?» አለ።

ስልኩን እንዴት ከእጃቸው እንደነጠቅኩ አላስታውስም። ትንፋሹን ሰማሁት። ጋላፊ ነው ያለው፤ ሰልፍ ላይ፤ የስልኩ ባትሪ አልቆበት ከሰው መኪና ላይ ገና አሁን መሙላቱ ነው። ሞተ ሲሉኝ የጠፋው እንባ፣ አለሁ ሲለኝ ወረደ። «ኧረ ዘሃራ፣ ተረጋጊ፤ እኔ ደህና ነኝ መሰለኝ» ይለኛል ምስኪን። እሱም እርግጠኛ አልነበረም።

ስልኩ ሲዘጋ ሃያ ዓይን ወደ እኔ ዞረ።

«ታዲያ አንቺ» አለች አልማዝ ንፍጧን እየጠረገች፣ «በጨለማ፣ ጥቁር ለብሰሽ፣ ዘንቢል ሳትይዢ፣ የት ሄደሽ ነው?»

አምላኬን ለምኜ የደበቅኩት ሁሉ ሰሌን ላይ ሊዘረገፍ ሆነ።

«በእግሬ ልሄድ» አልኩ።

«ወዴት?»

«የትም።»

ወላሂ እላችኋለሁ፣ ከሙክታር ሞት ይልቅ ይሄ አስደነገጣቸው። ሞትስ የአላህ ነው። «ጤነኛ ሰው የትም ይሄዳል?» አሉ አዴ ፋጡማ፣ ግንባሬን በመዳፋቸው እየነኩ። ስኳሩን ተናዘዝኩ፤ ሀኪሙን ተናዘዝኩ፤ ጫማውንም እግሬን ዘርግቼ አሳየሁ። ከዚያ ምስክርነቱ ተጀመረ። ሮብሌ «ሰላም ሳትለኝ አለፈች፤ መርዶ የሰማ ሰው ነው እንዲህ የሚያልፈው» ብሎ ለአልማዝ ነገራት። አልማዝ ጥቁር ልብሴን በመስኮት አይታ ኖሮ ልጄን ቀስቅሳ «እናትሽ የት ሄደች?» አለቻት። ልጄ እውነቱን ተናገረች፤ «ለአባዬ ረጅም ዱዓ አድርጋ ወጣች።» በቃ። አዴ ፋጡማም «ሦስት ቀኑ እኮ ነው ከጠፋ» ብለው መደምደሚያውን አስቀመጡ። እኔ ያልተጨነቅኩበትን ቀን ግቢው ሲቆጥርልኝ ከርሟል። ማንም አልዋሸም፤ ማንም ክፉ አላሰበም። አራት እውነት ተሰብስቦ አንድ ሬሳ ወለደ።

አሁን ሰው ወደየሥራው ይበተናል ብዬ ጠበቅኩ። ማን ይነሣ! አልማዝ ቢሮ ነው የምታጸዳው፤ አለቃዋን «ልቅሶ አለብኝ» ብላ አስፈቅዳለች። «አልሞተም ብዬ ልመለስ?» አለች። «ሌላ ጊዜ እውነተኛ ሲመጣ ማን ያምነኛል?» ሮብሌም የዘጋውን ሱቅ መልሶ መክፈት ከበደው፤ ለቅሶ የዘጋው በር በሳቅ አይከፈትም አለ። ሻይ መጣ፤ ለእኔ ያለ ስኳር፤ ሩዝ ተቀቀለ፤ አንዷ እግሯን ዘረጋች፣ አንዷ ትራስ ጠየቀች። ሳቁ እየቆየ ይመጣል፤ አንዷ ድንገት «መቼ?» ትላለች፣ ሁላችንም እንፈነዳለን። ስንት ዓመት አንድ ግቢ ኖረን፣ ከረፋድ እስከ ዙሁር ሰላት ሰዓት ሳንቆጥር ቁጭ ብለን ያወራንበት ቀን ያ ብቻ ነው።

እኔ ብዙ ያልተማርኩ ሴት ነኝ፤ ግን ሰሌኑ ላይ ሆኜ ማሰቤ አልቀረም። አልማዝ አለቃዋን «ከጎረቤቶቼ ጋር ቁጭ ብዬ ሻይ ልጠጣ» ብትለው ይፈቅድላት ነበር? እሷስ ለራሷ ትፈቅድ ነበር? እኔስ? ለእኛ ዓይነቱ ሰው መቀመጥ የሚፈቀደው ሰው ሲሞት ነው፤ ወይ ራሳችን ስንወድቅ። ፈረንጁ ሳይባረር ይሮጣል ብለን እንስቃለን፤ እኛ ደግሞ ማንም ሳይይዘን ታስረናል። ምስኪን ሙክታር ግማሽ ቀን ሞቶ ባያሳርፈን ኖሮ ይህንንም አላስበውም ነበር።

ከመበተናችን በፊት አዴ ፋጡማ ፍርድ ሰጡ። «መሄዱን ሂጂ፤ ሀኪም ያዘዘው ነው። ግን ዘንቢል ያዢ።»

«ባዶ ዘንቢል ምን ያደርግልኛል፣ አዴ?»

«ላንቺ ምንም። ለእኛ ነው እንጂ» አሉኝ። «ዘንቢል የያዘች ሴት ካየን ገበያ ሄደች ብለን እንተኛለን።»

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሙክታር ገባ። በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ከላይ እስከ ታች ዳበሰልኝ፤ «እይኝ፣ ሙሉ ነኝ» አለ። ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። ሱብሂ ሰገድን፤ ምስጋናዬን አላስረዘምኩትም፣ ረጅም ዱዓ ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። ሽርጡን አስሮ ሊተኛ ሲል ትራሱን ወሰድኩበት።

«ተነሥ፤ ባህር ዳር እንሂድ።»

የምሰፋላት ሴት ሁሉ ልብሷን እየጠበቀች፣ ቁልሉ መኪናው ላይ ተከምሮ፣ እኔ ይህን ስል ሰምቶ ደነገጠ። ቀጥሎ ግን ፈገግ አለና አሥራ አንድ ዓመት ያስቀመጠልኝን አወጣ።

«ባህሩ የት ይሄዳል?»

«ባህሩስ የትም አይሄድም» አልኩት። «አንተ ግን ትናንት ሄደህ ነበር።»

ተነሣ። ኢክራምን ቀሰቀስኳት። ጥቁሩን ልብሴን ትቼ አረንጓዴውን ለበስኩ፤ ባዶውን ዘንቢል ክንዴ ላይ አንጠለጠልኩ፤ ሦስት ሆነን ወጣን፤ እሱ በነጠላ ጫማ፣ እኔ በሸራ ጫማ፣ ልጄ እየዘለለች። ማእዘኑ ላይ ሮብሌ የብረት መዝጊያውን ግማሽ ገፍቷል። ሦስታችንን፣ በዚያ ጧት፣ ባንድነት ሲያይ እጁ ቀጥ አለ፤ ዘንቢሉን አየ፣ ሙክታርን አየ፣ እኔን አየ፤ መዝጊያውን ቀስ አድርጎ ቁልቁል መሳብ ጀመረ።

«ሮብሌ!» ብዬ ጮህኩ ከሩቅ። «አትዝጋ፣ ማንም አልሞተም!»